የተሽከርካሪ የፊት መስታወት ስንጥቅ መጠገኛ መሣሪያ አመራረጥ

በጠጠር መንገድ የሚመላለስ ተሽከርካሪ ውሎ አድሮ የፊት መስታወቱ በድንጋይ ፍንጣሪ መመታቱ አይቀርም። ከፊት የሚሄድ የጭነት መኪና ጎማ የወነጨፈው ጠጠር በመስታወቱ ላይ የጥፍር ያህል ምልክት ጥሎ ያልፋል፤ ባለንብረቱም ምልክቱ ትንሽ ስለሆነ ቸል ይለዋል። መኪናው ከአዳማ ተነስቶ በአዋሽና በሚሌ በኩል ወደ ጋላፊ ሲወርድ በአፋር ቆላ ፀሐይ ይግላል፤ ሲመለስ ደግሞ በደጋው ሌሊት ይቀዘቅዛል። መስታወቱ በሙቀት ሲለጠጥና በቅዝቃዜ ሲኮማተር ትንሹ ምልክት እግር ያወጣና ከዳር እስከ ዳር ይሰነጠቃል። በመጀመሪያው ቀን በአነስተኛ ወጪ ሊጠገን ይችል የነበረው መስታወት ከዚህ በኋላ መተካት እንጂ ሌላ መፍትሔ አይኖረውም። ምትኩም በአብዛኛው በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ዕቃ ነው።

ይህ መረጃ የተዘጋጀው በዋናነት የመስታወት ስንጥቅ መጠገኛ መሣሪያ ገዝተው በዘርፉ ለመሰማራት ለሚያስቡ ግለሰቦች፣ ማኅበራትና ጋራዦች ነው። መስታወታቸውን ለማስጠገን የሚሹ ባለንብረቶችም የሚሰጣቸው አገልግሎት ደረጃውን የጠበቀ መሆኑን ለመለየት ይረዳቸዋል።

የሚጠገነውና የማይጠገነው

የተሽከርካሪ የፊት መስታወት አንድ ወጥ መስታወት አይደለም። እያንዳንዳቸው 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ውፍረት ያላቸው ሁለት መስታወቶች በመካከላቸው ፖሊቪኒል ቡቲራል የተባለ ግልጽ የፕላስቲክ ንጣፍ ይዘው በሙቀትና በግፊት ተጣብቀው የሚሠሩት ነው። የንጣፉ የተለመደ ውፍረት 0.76 ሚሊ ሜትር ነው። የዚህ አሠራር መነሻ እ.ኤ.አ. በ1903 በፈረንሳዊው ኬሚስት ኤዷር ቤኔዲክቱስ ቤተ ሙከራ የደረሰ አጋጣሚ ነው፤ ውስጡ በደረቀ የሴሉሎስ ናይትሬት ሽፋን የተለበጠ ጠርሙስ ወድቆ ቢሰነጠቅም ሳይበታተን ቀረ። ቤኔዲክቱስ በ1909 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ።

ጥገና የሚቻለውም በዚሁ አሠራር ምክንያት ነው። ጠጠር ሲመታው የሚሰበረው አብዛኛውን ጊዜ የውጭው መስታወት ብቻ ሲሆን፣ ንጣፉና የውስጡ መስታወት ሳይነኩ ይቀራሉ። የጎን መስታወቶችና የአብዛኞቹ መኪኖች የኋላ መስታወት ግን በሙቀት የጠነከረ ነጠላ መስታወት በመሆናቸው ሲመቱ ወደ ጥቃቅን ቅንጣት ይፈርሳሉ፤ ለእነዚህ ጥገና የለም። የጎን መስታወት ይጠግናል ተብሎ የሚሸጥ መሣሪያ ካለ ገዢው ከሻጩ ጋር ጊዜውን ባያባክን ይሻላል።

የፊት መስታወትም ቢሆን ሁልጊዜ አይጠገንም። ስብራቱ ወደ ውስጠኛው መስታወት ከዘለቀ፣ ንጣፉ ከተቀደደ ወይም ከነጣ፣ ስንጥቁ ከመስታወቱ ጠርዝ ከተነሳ ወይም ጠርዝ ከደረሰ፣ ወይም ቁስሉ ለወራት ተከፍቶ ቆይቶ አቧራና የመኪና ማጠቢያ ሳሙና ከጠገበ ተጠግኖ የሚገኘው ውጤት አስተማማኝ አይሆንም።

ስለ መጠኑ አገሮች የተለያየ ልክ አስቀምጠዋል። በሰሜን አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የመኪና መስታወት ጥገና ደረጃ ክብ ስብራትን እስከ 25 ሚሊ ሜትር፣ የኮከብ ቅርጽ ያለውን እስከ 75 ሚሊ ሜትር፣ ረጅም ስንጥቅን ደግሞ እስከ 35 ሴንቲ ሜትር ድረስ መጠገን እንደሚቻል ያስቀምጣል። የብሪታንያው ደረጃ በዚህ ረገድ ጠበቅ ያለ ነው፤ መስታወቱን በክፍል በክፍል ከፍሎ፣ በአሽከርካሪው ዓይን ፊት ባለው 290 ሚሊ ሜትር ስፋት ውስጥ ከ10 ሚሊ ሜትር የበለጠ ጉዳት እንዳይጠገን ይከለክላል፤ ከአሽከርካሪው እይታ በራቀው ክፍል ግን እስከ 40 ሚሊ ሜትር ይፈቅዳል። ሁለቱ ልኮች መለያየታቸው ግር ሊያሰኝ ይችላል። በአሽከርካሪው እይታ ውስጥ ጠበቅ ያለውን መከተል ግን ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም ምርጥ የተባለው ጥገና እንኳ ጥቂት ምልክት ይተዋል፤ ያ ምልክት ማታ ከፊት የሚመጣ መኪና መብራት ሲያርፍበት ይፈነጥቃል።

የመሣሪያው አሠራር

ስንጥቅ ለዓይን የሚታየው በውስጡ አየር ስላለ ነው። ብርሃን ከመስታወት ወደ አየር ሲሻገር አቅጣጫውን ይለውጣል፤ ከፊሉም ይንጸባረቃል። መስታወት ብርሃንን የሚሰብርበት መጠን 1.52 ገደማ ሲሆን የአየር 1 ነው። የጥገናው ሥራ አየሩን አውጥቶ በምትኩ ብርሃንን እንደ መስታወት የሚሰብር ፈሳሽ ሬዚን ማስገባትና ሬዚኑን በአልትራቫዮሌት ጨረር ማጠንከር ነው። ሬዚኑ እንዲታይ ሆኖ የሚቀረውን ጠባሳ ያደበዝዛል፤ ከዚህ በላይ ግን የተለያዩትን የስንጥቅ ገጾች አጣብቆ ስንጥቁ እንዳያድግ ያደርጋል። ሁለተኛው ጥቅም ከመጀመሪያው ይበልጣል። የፊት መስታወት መኪና ሲገለበጥ ጣሪያውን ከሚደግፉት አካላት አንዱ ነው፤ በበርካታ ሞዴሎችም የተሳፋሪው ኤርባግ ሲከፈት የሚደገፈው በዚሁ መስታወት ላይ ነው።

ስለዚህ የተሟላ መሣሪያ የሚባለው አየር በመሳብ መስታወቱ ላይ የሚጣበቅ መያዣ፣ ባለሙያዎች ኢንጀክተር የሚሉት ሬዚን መግፊያ ቱቦ፣ አየር መሳቢያ፣ የተለያየ ውፍረት ያላቸው ሬዚኖች፣ ማጠንከሪያ መብራት፣ እርጥበት ማድረቂያና መመርመሪያ መስታወት ያካተተ ነው። በገበያ ላይ በካርቶን ታሽጎ የሚሸጠው ባለ አንድ ሲሪንጅ መሣሪያ አንድ ትንሽ ክብ ስብራት ለመጠገን ይበቃ ይሆናል፤ የሕዝብ አገልግሎት ለመስጠት ግን አይበቃም።

መያዣውና ኢንጀክተሩ

መሣሪያ ሲመረጥ አብዛኛው ገዢ ዓይኑን የሚጥለው መብራቱና ሻንጣው ላይ ነው። የጥገናውን ጥራት የሚወስነው ግን ኢንጀክተሩ ነው። ኢንጀክተሩ የሚጨርሰው ከመስታወቱ ጋር በሚገናኝ የላስቲክ ጫፍ ሲሆን፣ ይህ ጫፍ ካልገጠመ አየር ይገባል፤ ሬዚኑም ወደ ውጭ ይፈሳል። የሬዚኑ ኬሚካል ተራ ላስቲክን ያሳብጣል፤ ያበላሻልም። ስለሆነም ሻጩ ጫፎቹና ቀለበቶቹ ኬሚካል ከሚቋቋም ላስቲክ የተሠሩ መሆናቸውን፣ መለዋወጫቸውም ለብቻው የሚገኝ መሆኑን በጽሑፍ ማረጋገጥ ይኖርበታል። ብዙ መሣሪያ ከጥቅም ውጭ የሆነው አንድ የሳንቲም ያህል የምትሆን ቀለበት በመጥፋቷ ነው።

ኢንጀክተሮች በአሠራራቸው ይለያያሉ። አንዳንዶቹ በእጅ በሚጠመዘዝ ብሎን ሬዚኑን ይገፋሉ፤ አንዳንዶቹ ስፕሪንግ አላቸው፤ ሌሎቹ በኮምፕሬሰር አየር ይሠራሉ። በብሎን የሚሠራው ቀላል ነው፤ የመብራት መቋረጥ ባለበት አካባቢም አያስቸግርም፤ ሲበላሽ በአካባቢው የብረታ ብረት ባለሙያ ሊታይ ይችላል። ለጀማሪ የሚመረጠውም ይኸው ነው። በኮምፕሬሰር የሚሠራው ሥራ ያፈጥናል፤ ነገር ግን ግፊቱ ካልተመጠነ ትንሹን ስንጥቅ ረጅም የማድረግ አደጋ አለው።

ከፍታ የሚያመጣው ለውጥ

አብዛኛው መሣሪያ የተሠራውና የተፈተነው በባሕር ወለል አቅራቢያ ባሉ ከተሞች ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ የምትገኝ በመሆኗ የአየር ግፊቷ ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ይህ ሁለት ነገሮችን ይለውጣል።

አንደኛ፣ በመመሪያ መጽሐፉ ላይ የአየር መሳቢያው መለኪያ እስከ 25 ኢንች ሜርኩሪ እንዲያነብ የሚጠይቅ ከሆነ፣ አዲስ አበባ ላይ ይህ ቁጥር ሊደረስበት አይችልም። በዚህ ከፍታ ፍጹም ባዶ የሆነ ክፍል እንኳ የሚያስነብበው 22 ወይም 23 ኢንች ያህል ብቻ ነው። ይህን ያላወቀ ባለሙያ ደህናውን ፓምፕ ተበላሽቷል ብሎ ይመልሳል፤ ወይም ቁጥሩን ለመድረስ ሲታገል ማኅተሙን ይጎዳል።

ሁለተኛውና ይበልጥ የሚያሳስበው መያዣው ነው። መያዣውን መስታወቱ ላይ አጥብቆ የሚይዘው የውጭው አየር ግፊት ስለሆነ፣ በአዲስ አበባ የመያዝ ኃይሉ ከባሕር ወለሉ በአንድ አራተኛ ያንሳል። ሬዚኑ በግፊት ሲገባ መያዣው ከቦታው ሊነሳ ይችላል። በደጋ አካባቢ የሚሠራ ሰው ሰፋ ያለ ሳህን ያለው ወይም ሁለት ሳህን የተገጠመለት መያዣ ቢመርጥ ይመከራል። አቧራ የነካውና በፀሐይ የተሰነጠቀ ላስቲክ ሳህንም ምንም ያህል ሰፊ ቢሆን አይዝም።

በከፍታ ቦታ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር የበረታ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። ሬዚን የሚጠነክረው በዚሁ ጨረር ስለሆነ በጠራራ ፀሐይ የተጀመረ ጥገና ሬዚኑ የስንጥቁን ጫፍ ሳይደርስ መንገድ ላይ ሊደርቅ ይችላል። ሥራው በጥላ ሥር መከናወን አለበት። በአንጻሩ እንደ ሰመራ ባሉ ቆላማ ከተሞች ዋናው ጠላት ሙቀቱ ነው፤ የጋለ መስታወት ሬዚኑን ከልክ በላይ ያቀጥነዋል፤ ግፊት ሲጨመርበትም ስንጥቁ ሊያድግ ይችላል። መኪናው ጥላ ሥር ቆሞ መስታወቱ በራሱ ጊዜ እስኪበርድ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ለማቀዝቀዝ ተብሎ የሚደፋ ውሃ መስታወቱን እዚያው ሊከፍለው ይችላል።

ሬዚንና መብራት

ሬዚን አንድ ዓይነት አይደለም። ውፍረቱ የሚለካው በሴንቲፖይዝ ሲሆን ውሃ በክፍል ሙቀት 1 ሴንቲፖይዝ ያህል ነው። ለቀጭን ረጅም ስንጥቅ 20 ሴንቲፖይዝ ገደማ የሆነ ቀጭን ሬዚን ያስፈልጋል፤ ለተለመዱት የክብና የኮከብ ስብራቶች ከዚያ ወፈር ያለ፤ በመጨረሻ ላይ ጠጠሩ ያረፈበትን ጉድጓድ ለመሙላት ደግሞ እንደ ማር የወፈረ። በአንድ ጠርሙስ ሁሉንም ይጠግናል የሚል ማስታወቂያ ይህን ልዩነት የካደ ነው።

በጠርሙሱ ላይ የተመረተበትና አገልግሎቱ የሚያበቃበት ቀን ሊጻፍ ይገባል። ሬዚን ከብርሃን በተከለለ ጠርሙስ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ካልተቀመጠ ይወፍራል፤ ሲያረጅም ቢጫ ይሆናል። ጊዜው ያለፈበትን ሬዚን በቅናሽ ገዝቶ የሚሠራ ሰው ጉዳቱን ወዲያውኑ አያየውም፤ ከወራት በኋላ ጥገናው በደንበኛው ዓይን ፊት ቢጫ ሲመስል ነው የሚያውቀው። የተራ ሙጫ ጉዳይማ ከዚህም የከፋ ነው። በሱፐር ግሉ ወይም በሲልከን የተሞላ ስንጥቅ በኋላ ባለሙያ ቢመጣ እንኳ ሊጸዳ ስለማይችል መስታወቱን ለመተካት ብቻ ይዳርጋል።

ማጠንከሪያ መብራቱ የሚሰጠው ጨረር ሬዚኑ ከሚፈልገው ጋር መስማማት ይኖርበታል። ብዙ ሬዚኖች የሚጠነክሩት በ365 ናኖሜትር አካባቢ በሚገኝ ጨረር ነው፤ ስለዚህ መብራቱና ሬዚኑ ከተለያየ አምራች ከተገዙ የሁለቱ ቁጥር መነጻጸር አለበት። ወይን ጠጅ ብርሃን የሚሰጥ መብራት ሁሉ ማጠንከሪያ መብራት አይደለም። መብራቱ ሁልጊዜ ከውጭ በኩል ይደረጋል፤ በመካከል ያለው ንጣፍ አልትራቫዮሌትን ስለሚያግድ ከመኪናው ውስጥ የሚበራ መብራት ጥቅም የለውም።

የኃይል ምንጩም መታየት ያለበት ነው። የአገራችን የኤሌክትሪክ መስመር 220 ቮልት ሲሆን ለሰሜን አሜሪካ ገበያ የተሠሩ መብራቶችና ፓምፖች በ110 ቮልት የሚሠሩ ሊሆኑ ይችላሉ። ከመኪና ባትሪ የሚሠራ ከሆነም የቤት መኪና ባትሪ 12 ቮልት፣ የከባድ መኪና ግን በአብዛኛው 24 ቮልት መሆኑን ማስታወስ ያሻል።

ስለ ክረምት አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት የሚመጣ መኪና ስንጥቁ ውሃ ይዞ ነው የሚመጣው። ውሃ ባለበት ሬዚን አይገባም፤ ቢገባም ደመና ይመስላል። ስለዚህ ማድረቂያ የሌለው መሣሪያ የዓመቱን አንድ ሦስተኛ ሥራ ፈት ነው ማለት ይቻላል። ማድረቂያው በመጠኑ የሚያሞቅ እንጂ የሚያቃጥል መሆን የለበትም፤ ከልክ ያለፈ ሙቀት የመሃሉን ንጣፍ ያነጣዋል፤ አረፋም ያወጣበታል።

ከመግዛት በፊት

ሻጩ መሣሪያውን በተግባር እንዲያሳይ መጠየቅ የገዢው መብት ነው። የመስታወት መሸጫ ቤቶች የሚጥሏቸው የተቀየሩ አሮጌ የፊት መስታወቶች ለዚህ ሙከራ ይጠቅማሉ። ሻጮች ለማሳያ የሚመርጡት አብዛኛውን ጊዜ ክብ ስብራትን ነው፤ ለመሙላት ቀላል ስለሆነ። ገዢው ግን ቀጫጭን እግሮች ያሉት የኮከብ ስብራት እንዲጠገንለት ይጠይቅ። ጥገናው ካለቀ በኋላ ከውስጥ በኩል በጣት ጫን እያሉ ከጥቁር ጨርቅ ፊት ሲመለከቱት ከእግሮቹ ጫፍ ላይ የብር መሰል ብልጭታ ከታየ አየሩ አልወጣም ማለት ነው። የተጠገነውን መስታወት ለጥቂት ቀናት ፀሐይና ብርድ እንዲፈራረቅበት አድርጎ እንደገና ማየትም አይከፋም።

ከመሣሪያው ጋር ስልጠና መኖሩ፣ መመሪያው ሠራተኛው በሚረዳው ቋንቋ መዘጋጀቱ፣ ሬዚንና መለዋወጫ በቀጣይነት ማን እንደሚያቀርብ መታወቁ ከዋጋው እኩል ሊታዩ የሚገባቸው ናቸው። በተለይ በማኅበር ተደራጅተው በብድር ለሚገዙ ወጣቶች ይህ ነጥብ ወሳኝ ነው፤ ሬዚኑ ሲያልቅ ምትኩ የማይገኝ መሣሪያ የብድሩን የመጀመሪያ ክፍያ እንኳ ሳይሸፍን ቆሞ ይቀራል። የሬዚኑ የደህንነት መረጃ ሰነድም ሊጠየቅ ይገባል። ያልጠነከረ ሬዚን ቆዳ ላይ በተደጋጋሚ ሲነካ አለርጂ ያስከትላል፤ የመብራቱ ጨረርም ዓይን ይጎዳል። ስለዚህ የኒትሪል ጓንትና ጨረር የሚከላከል መነጽር የመሣሪያው አካል ተደርገው መታየት አለባቸው።

ለባለንብረቶች

መስታወቱ በጠጠር የተመታበት ባለንብረት ቦታውን በእጁ ሳይነካ በግልጽ ፕላስተር ሸፍኖ፣ መኪናውን ሳያሳጥብ በተቻለ ፍጥነት ወደ ባለሙያ መውሰድ ይጠበቅበታል። ጠጋኙ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ስብራቱን አጉልቶ በሚያሳይ መስታወት መመርመር፣ መጠኑን መለካትና ሊጠገን የማይችል ከሆነ በግልጽ መናገር አለበት። ሳይመረምር ዋጋ የሚጠራ ጠጋኝ ያጠራጥራል። ጥገናው ሲደረግ ስንጥቁ ቢያድግ ኪሳራውን ማን እንደሚሸፍን አስቀድሞ መነጋገር፣ የተሠራበትን ቀንና ቦታ የሚያሳይ ደረሰኝም መቀበል ተገቢ ነው። ይህ በተለይ የኢንሹራንስ ሽፋን ላላቸው ተሽከርካሪዎች ጠቃሚ ሲሆን፣ ውሉ የጥገናን ወጪ የሚሸፍን መሆን አለመሆኑ ከመድን ሰጪው አስቀድሞ ይጠየቃል።

በቅርብ ዓመታት የተመረቱ ብዙ መኪኖች ከውስጥ መመልከቻ መስታወቱ ጀርባ፣ የፊት መስታወቱን ተጠግቶ የተቀመጠ ካሜራ አላቸው። ካሜራው የመንገድ መስመርንና ከፊት ያለን ተሽከርካሪ እየለየ ፍሬንን ጭምር ሊያዝ ስለሚችል፣ በካሜራው እይታ ውስጥ የሚገኝ ስብራት እንዲጠገን አይመከርም። መስታወቱ ሲተካም ካሜራው በአምራቹ መመሪያ መሠረት እንደገና መስተካከል አለበት፤ ስለዚህ መስታወቱን የሚቀይረው ድርጅት ይህን የሚያከናውንበት መሣሪያ እንዳለው ሥራው ከመጀመሩ በፊት ማጣራት ያስፈልጋል።

በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪዎች በየጊዜው የቴክኒክ ምርመራ ይደረግላቸዋል። የፊት መስታወቱ ስንጥቅ ያለበት ባለንብረት ጥገናውን ወይም ቅየራውን ከምርመራው ቀን አስቀድሞ ቢያከናውን ከምልልስ ይድናል። መስታወቱ የሚቀየር ከሆነ በላዩ የተለጠፈው የዓመታዊ ምርመራ ምልክት አብሮ ስለሚነሳ፣ ምትክ ስለሚሰጥበት ሁኔታ ተሽከርካሪው የተመዘገበበትን ጽሕፈት ቤት ከቅየራው በፊት መጠየቅ ይገባል።